የጋራ መሣሪያ የሚጠፋው ቦታ ስለሌለው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ ስላሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በየከተማው በማኅበር ተደራጅተው ስለሚሠሩ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሼዶች፣ እንዲሁም ስለ መንግሥት ጋራዦች በተነሣ ቁጥር "የመሣሪያ እጥረት" የሚለው ቅሬታ ይቀድማል። እጥረት መኖሩን አልክድም። ሆኖም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ተገዝቶ የት እንደገባ የማይታወቀው መሣሪያ ነው ባይ ነኝ። ባለ 13 ሚሊ ሜትር የብሎን መፍቻ ቁልፍ አራት ተገዝቶ አንዱ በሠልጣኝ ቱታ ኪስ፣ አንዱ ሞርሳው ካለበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ሥር፣ አንዱ በተቆለፈ ካቢኔ፣ አራተኛው "አሁን እመልሰዋለሁ" ብሎ በወሰደው የጎረቤት ሼድ ይገኛል። ብሎን የሚፈታው ልጅ ያገኘውን ፒንሳ አንሥቶ የብሎኑን ራስ ፍቆ ያከበዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ብሎን የሚወጣው በግራይንደር ተቆርጦ ነው።

የግል መሣሪያ ያለው ባለሙያ አንድ ነገር ሲጎድልበት በዕለቱ ያውቃል፤ ሣጥኑን ሲዘጋ ዓይኑ ያርፍበታል። የጋራ መሣሪያ መጥፋቱ የሚታወቀው ሌላ ሰው ሲፈልገው ብቻ ነው፤ ይህም ከሦስት ቀን ወይም ከሦስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማን ይዞት እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ የሚቀረው መጠራጠር ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመጠየቅ በፊት ያለው ሲጎድል በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ ለሁሉም እንዲታይ ማድረግ ይቀድማል። ዘዴው ሻዶው ቦርድ የሚባለው፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በልኩ የተሳለበት ሰሌዳ ነው። መሣሪያው ሲሰቀል ሥዕሉን ይሸፍነዋል፤ ሲነሣ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይታያል።

ለአገራችን ይህ እንግዳ አይደለም። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ ካይዘን፣ ሥራን ትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረና የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ "ማ"ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በየወርክሾፑ ግድግዳ ተለጥፈዋል፤ ሠልጣኙም በቃሉ ይወጣቸዋል። የሚያሳዝነው ብዙ ቦታ ሥራው ከጽሑፉ አለማለፉ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሁለተኛውን "ማ"፣ ማስቀመጥን፣ በእጅ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዝርዝር ለማካፈል ነው።

የሚጀመረው ከማጣራት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ሥራ ይቁምና በመሳቢያ፣ በካቢኔ፣ በሎከርና በመኪና ወንበር ሥር ያለው ሁሉ ወጥቶ ሸራ ላይ ይዘርጋ። ቁልፍ ከቁልፍ፣ ሊማ (ሞረድ) ከሊማ፣ ካቻቪቴ ከካቻቪቴ ሲደረደር ከሚፈለገው በላይ ያለውና ጨርሶ የሌለው ወዲያው ይለያል። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው መዶሻና ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ሲሆን የሚጎድለው ባለ 10 እና ባለ 13 ቁልፍ ነው። ጥርሱ ያለቀ ሊማ፣ እጀታው የሚወዛወዝ መዶሻ፣ አፉ የሰፋ ቁልፍ፣ ራሱ ተደብድቦ ጠርዙ የተገለበጠ የብረት መሮ ወደ ሰሌዳው አይወጡም። በተለይ መሮው፤ የተገለበጠው ጠርዝ ሲመታ ተሰንጥሮ ይፈናጠራል፣ ዓይንም ያጠፋል። በግራይንደር ተስተካክሎ የሚድነው ይዳን። ለቀረው ቀይ ካርድ ይታሰርበት፤ በካርዱም የመሣሪያው ስም፣ ቀኑ፣ ካርዱን ያሰረው ሰውና ውሳኔ መስጠት ያለበት ኃላፊ ይጻፍ። የውሳኔው ገደብ 30 ቀን ነው።

ማኅበራት እዚህ ላይ አይቸገሩም፤ የተቃጠለ ትራፓኖ ለቆራሌ ይሸጣል ወይም ለመለዋወጫ ይፈታል። ኮሌጅ ግን ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ አንዲት ሊማ መጣል አይችልም፤ ስለዚህ ቀይ ካርድ የታሰረበት ዕቃ ወርክሾፑ ጥግ ላይ ዓመት ከዓመት ይከማቻል። ቢያንስ ከሥራው ክፍል ወጥቶ ቁጥር በተሰጠው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ዝርዝሩም ከፎቶግራፍ ጋር በየሩብ ዓመቱ ለንብረት አስተዳደር ይላክ። ያልተላከ ዝርዝር ኮሚቴ አይሰበሰብበትም።

ቀጥሎ ምን ያህል መሣሪያ እንደሚሰቀል ይወሰናል። አንድ ሰሌዳ ከ4 እስከ 6 ሰው ቢያገለግል ጥሩ ነው፤ ከሥራው ጠረጴዛ ያለው ርቀትም ከ8 እርምጃ ባይበልጥ። ርቀቱ ሲጨምር ሰው መሣሪያውን መመለስ ትቶ አጠገቡ ማከማቸት ይጀምራል፤ ይህ የስንፍና ጉዳይ ሳይሆን የርቀት ጉዳይ ነው። 25 ሠልጣኝ ላለበት ክፍል አንድ ግዙፍ ሰሌዳ ከመሥራት አምስት ትናንሽ፣ በአቀማመጥ አንድ ዓይነት፣ በቀለም የተለያዩ ሰሌዳዎች ይሻላሉ። በየቀኑ የሚነካው ብቻ በአምስት ይባዛ፤ በሳምንት አንዴ የሚፈለገው በዚያው ክፍል በአንድ የጋራ ሰሌዳ ይሁን፤ በወር አንዴ የሚነሣው ግምጃ ቤት ይቆይ። በየሰሌዳው ያሉት መሣሪያዎች እጀታ ላይ የቡድኑ ቀለም ቢቀባ የሰማያዊ ቡድን መዶሻ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ መኖሩን ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልግም።

ለሰሌዳው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ (የተነባበረ ጣውላ) ይመረጣል። ባለ 12ም ይሠራል፣ ግን ከኋላው የእንጨት ፍሬም ይፈልጋል። ችፑድና ኤምዲኤፍ በክረምት እርጥበት ጠጥተው ያብጣሉ፤ መስቀያውም ይላላል። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለሁለት ሲቆረጥ 122 በ122 የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ይወጡታል፤ አንዱ 30 ያህል የእጅ መሣሪያ ይይዛል። የብረታ ብረት ሼዶች 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በአንጎላሬ ፍሬም ወጥረው ቢጠቀሙ ይችላሉ፤ መስቀያውን ግን በብየዳ ባያስይዙት፣ በብሎንና በዳዶ ቢያስሩት እመክራለሁ። አቀማመጥ መቀየሩ አይቀርም፤ የተበየደ መስቀያ ደግሞ መቆረጥና መሞረድ ይፈልጋል። ከብሎኬት ግድግዳ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ መስቀል የግድግዳው እርጥበት እንዳያበሰብሰው ያደርጋል። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የላይኛው ከ2 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከላይ የሚሰቀለው ቀላል ነገር ብቻ ይሁን። ከባዱ ከወገብ እስከ ደረት፣ ማለትም ከ90 እስከ 130 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ይቀመጥ። ሰሌዳ ከግራይንደር ወይም ከቋሚ ትራፓኖ ጀርባ ፈጽሞ አይሰቀልም፤ በሚሽከረከር ማሽን ላይ እጅ ዘርግቶ መዶሻ ማውረድ ሞት መጋበዝ ነው።

መስቀያ ከመብሳት በፊት ሰሌዳው መሬት ላይ ተኝቶ መሣሪያዎቹ ይደርደሩበት። አብረው የሚነሡ አብረው ይሁኑ፦ ስኳድራ፣ መስመር መጫሪያ፣ ነጥብ መምቻና ትንሽ መዶሻ አንድ ሠፈር፣ ሊማዎችና የሊማ ብሩሽ ሌላ ሠፈር። በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ጓንት ያደረገ እጅ የሚገባው በዚያ ነው። ከሰሌዳው ስፋት 15 ወይም 20 በመቶው ባዶ ይቆይ፤ ነገ የሚገዛው መሣሪያ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በእርሳስ ብቻ ዙሪያው ይሣልና ሁለት ሳምንት ይሠራበት። አብዛኛው ሰሌዳ የሚበላሸው ቀለሙ በመጀመሪያው ቀን ስለሚቀባ ነው፤ የመጀመሪያው አቀማመጥ ጠረጴዛ ላይ የታሰበ እንጂ በሥራ የተፈተነ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ራሱ እርሳሱን እየፋቀ መሣሪያ ያዛውራል፤ ሲረጋ ብሩሽ ይነሣ።

መደቡ ነጭ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ለ122 በ122 ሰሌዳ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ለቅርጹ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሁን። ግራጫና ጥቁር አይመረጡም፤ የብረቱ መልክ ራሱ ግራጫ ስለሆነ መሣሪያው ይኑር አይኑር ከሩቅ አይለይም። ቅርጹ ከመሣሪያው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ይነስ እንጂ አይብለጥ። ከበለጠ መሣሪያው ተሰቅሎም ቀለሙ ዙሪያውን ይታያል፤ ዓይን ይለምደውና ባዶውን ቦታ ማየት ያቆማል። ከቅርጹ ሥር ስምና ልክ ይጻፍ። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎች ስላሉ ቀለም ብቻውን መልእክት አይሸከም።

የአየር ጠባዩም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል። በዚያ ብርድ የተቀባ የዘይት ቀለም ሳይደርቅ ያድራል፤ ከ10 ዲግሪ በታች የተለጠፈ ፕላስተር ወይም ስቲከር በሳምንቱ ይላቀቃል። ቅቡም ልጥፉም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይሻላል። ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያለሰልሰዋል፣ የስቲከሩ ጠርዝ ተጠቅልሎ አቧራ ይሰበስባል። እዚያ ከስቲከር ይልቅ ቀለም ይምረጡ። በደጋው ሌላም ነገር አለ፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ሰው ሲገባና አየሩ ሲሞቅ ላብ ያወጣል፣ ሳይታሰብም ይዝጋል። በሳምንት አንድ ቀን ዘይት በነካ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል፤ ከዚያ እጀታው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ዘይት ያለበት እጀታ ያዳልጣልና።

ትልቁ ፈተና ቁልፎች ላይ ነው። መዶሻና ሴጌቶ በቅርጻቸው ይለያያሉ፤ ማንም መዶሻን በሴጌቶ ቦታ አይሰቅልም። 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19፣ 22 እና 24 ቁልፎች ግን ወንድማማቾች ናቸው። 13 በ14 ቅርጽ ላይ ሲሰቀል የሚታየው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ረድፉ ሁሉ ይዘበራረቃል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ ከመጀመሪያው ላይኛ ጫፍ እስከ መጨረሻው ታችኛ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰያፍ የቀለም መስመር መሳብ ነው። ሁለት ቁልፍ ቦታ ከተለዋወጠ መስመሩ ይሰበራል፤ ከአሥር እርምጃም ይታያል። ቀለሙ በቤንዚንና በናፍጣ ስለሚለቅ በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት። በሊማ ቦርቡሮ ምልክት ማድረግ ወይም በብየዳ ነጥብ መጣል ግን አይገባም፤ ቁልፍ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፣ ብየዳው ጥንካሬውን ያጠፋዋል፣ ቡርቡሩ የመሰንጠቂያ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው መፍትሔ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላላቸው ነው፤ እኔ የምወደውም እሱን ነው። በአንድ ጫፉ ክፍት፣ በሌላው ቀለበት ለሆነው ቁልፍ፣ መስቀያው ከቀለበቱ ልክ በግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ክብ ዘንግ ይሁን፦ ለባለ 14 ቁልፍ 13.5፣ ለባለ 13 ቁልፍ 12.5፣ ለባለ 12 ቁልፍ 11.5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላውም በዚሁ መጠን። ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ መሣሪያው እንዳይንሸራተት ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ይዘንበል። እንግዲህ 13 ቁልፍ በ14 መስቀያ ላይ ልስቀልህ ቢሉት አይገባም። 14 በ13 መስቀያ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ 13ቱ ማረፊያ ያጣል፤ ወደ ትንሹ ቢወርድም የዚያ ባለቤት ማረፊያ ያጣል፤ እንዲህ እያለ በመጨረሻ አንድ ቁልፍ በእጅ ይቀራል። የተሳሳተው ሰው ስሕተቱን ሳይነገረው እዚያው ያርማል። ጃፓኖች ፖካ ዮኬ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ ይልቅ ስሕተቱ እንዳይሠራ አድርጎ ማበጀት።

ግራይንደር በሰሌዳው ላይ ከተሰቀለ ከነመከለያው ይሣል፤ የመከለያው ቅርጽ በሌላ ቀለም ይቀባ፣ የዲስክ መፍቻው ቁልፍም ከጎኑ የራሱ ቦታ ይኑረው። በየሼዱ መከለያ የሌለው ግራይንደር የተለመደ ነገር ሆኗል፤ መከለያው የሚወልቀውም ብዙ ጊዜ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ነው። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተፈቀደለት ፍጥነት በደቂቃ 6,600 ዙር ሲሆን ባለ 115 ግራይንደር ግን ከ10,000 በላይ ይሽከረከራል። ዲስኩ ይበተናል፤ መከለያም የለም። ስለዚህ ዲስኮች እያንዳንዳቸው በልካቸው ግራይንደር ሥር፣ ልካቸው በትልቁ ተጽፎ፣ በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ይተኙ። መሐል ቀለበታቸው ላይ የታተመውን የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ማየት ልማድ ይሁን፤ እርጥበት የጠጣና ያረጀ ዲስክ ማጣበቂያው ይደክማል። ካሊፐርና ሌላ የመለኪያ መሣሪያ ግን ግራይንደር በሚሠራበት ክፍል በክፍት ሰሌዳ አይሰቀልም፤ የብረት ብናኝ መንጋጋውን ይበላዋል። ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ እዚያው ቅርጹ ተቆርጦለት ይቀመጥ።

ባዶ ቅርጽ አንድ መሣሪያ መነሣቱን ይናገራል፤ ማን እንዳነሣው አይናገርም። ለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተመታባቸው አምስት ሮንዴላዎች (መሐላቸው ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረቶች) ይሰጡት። መሣሪያ ሲያነሣ በመስቀያው ላይ የራሱን ሮንዴላ ያንጠለጥላል፤ ሲመልስ ሮንዴላውን ይወስዳል። ከአምስት በላይ መስጠት ጉዳት አለው፤ ሰው ሊያስፈልገኝ ይችላል እያለ ያግበሰብሳል። ከጎረቤት ሼድ ለሚዋሱ የተለየ መልክ ያለው ሮንዴላ ይዘጋጅ፤ ተዋሹ ስሙን በመዝገብ ይጻፍ። ለጥገና የወጣ መሣሪያ ቀይ፣ ግዢ የተጠየቀለት ቢጫ ካርድ ከነቀኑ ይሰቀልበት። ከእነዚህ ሌላ ምልክት አይጨመር፤ ምልክት ሲበዛ የሚያነበው ይጠፋል።

በሰሌዳው ማዕዘን የመሣሪያው ጠቅላላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 31፣ በጉልህ ይጻፍ። ሥራ ከመውጣቱ 10 ደቂቃ ቀድሞ የሳምንቱ ተረኛ ሰሌዳውን ይቃኛል፤ ባዶ ሆኖ ሮንዴላም ካርድም የሌለበት ቅርጽ ካለ ሰው ከመበተኑ በፊት ይፈለጋል። በስልክ አንድ ፎቶ ተነሥቶ ወረቀቱ ላይ ይፈረማል። መብራት ሲጠፋም ይኸው ሕግ ይሥራ። መሣሪያ በብዛት የሚጠፋው ያኔ ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ሰው በእጁ የያዘውን ኪሱ ከትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ሲመለስ ሌላ ሥራ ይጀምራል። መብራት ጠፋ ማለት መጀመሪያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ ማለት ይሁን።

የጠፋ መሣሪያ ሲገኝም ሳይገኝም መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ሳይመለስ እንደቀረ ነው። መስቀያው ሩቅ ነው? ሌላ መሣሪያ ተሰቅሎበታል? ቱታው ጥልቅ ኪስ አለው? ቅጣት ከፊት ከቀደመ ሰው መጥፋቱን ይደብቃል፣ ወይም ከገበያ ርካሽ ገዝቶ ይተካል። ከዚያ ሰሌዳው ሙሉ ይመስላል፣ ያ ርካሽ ቁልፍ ግን በመጀመሪያው ጠንካራ ብሎን ላይ አፉ ይከፈታል።

አሁን ወደ ተቆለፈው ካቢኔ ልምጣ፤ በመንግሥት ተቋማት ዋናው ቋጠሮ እሱ ነውና። መሣሪያ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ቅጽ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (የወጪ ቅጽ) በአንድ አሠልጣኝ ወይም በአንድ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛ ስም ወጪ ይሆናል። አንዲት ካቻቪቴ ብትጠፋ ዕዳው በዚያ ሰው ላይ ነው። ሠራተኛዋ ካቢኔውን ብትቆልፍ አይፈረድባትም፤ ልጆች ያሳደገችበትን ደመወዝ ትጠብቃለች። ውጤቱ ግን ሦስት ሠልጣኝ በአንድ ሊማ ሲሻማ ሃያ ሊማ ከነግሪሱ ካቢኔ ውስጥ መቀመጡ ነው። ዕዳውን ሳይነኩ አሠልጣኙን "ካይዘን ተግብር" ማለት ዋጋ የለውም።

ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። ሰሌዳው ሁለት ክንፍ ያለው በር ይበጅለት፤ በሩ ላሜራ ሳይሆን ወንፊት ሽቦ ይሁን። ቀን ክንፎቹ ተከፍተው ግድግዳ ላይ ይያዛሉ፤ ማታ ይቆለፋሉ፣ ተቆልፎም ባዶው ቅርጽ በወንፊቱ ይታያል። ሞዴል 22 በአንድ ሰው ስም ቢቆይም፣ የየሰሌዳው ዝርዝር ለቡድን መሪዎች በውስጥ መረከቢያ ይፈረም። የዕለቱ የቆጠራ ወረቀትና ፎቶው ደግሞ የንብረት ክፍሉ የሚቀበለው ማስረጃ ይሁን። ጉድለት በተፈጠረበት ቀን ከታወቀ የማን ሰዓት፣ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይታወቃል፤ በዓመት አንዴ በሰኔ ቆጠራ ሲመጣ አንድ ሰው ላይ የሚወድቀው ዕዳም ይቀራል። ይህን ለመፍቀድ የሚያስፈልገው የኮሌጁ ዲንና የንብረት ኃላፊው ፊርማ ነው። የሰሜን ሸዋ ኮሌጆች ኃላፊዎች በዚህ ጉዳይ ላይ በዚሁ ጋዜጣ አሳባቸውን ቢሰጡ ደስ ይለኛል።

ለጎብኚ ተብሎ የተቀባ ሰሌዳ መታወቂያ አለው። መሣሪያዎቹ ቀለማቸው አልተፋቀም፤ መስቀያዎቹ ላይ አቧራ አለ፤ ሠራተኛው የሚሠራበት ቁልፍ ከኪሱ ነው የሚወጣው። በጥሩ ሰሌዳ ላይ የመስቀያው ቀለም ተልጧል፣ ሁለት ሦስት ቅርጾች ተፍቀው በሌላ ተተክተዋል፣ አንድ ቢጫ ካርድ ተንጠልጥሏል። ገምጋሚዎችን የምለምነው ንጹሑን ሳይሆን የተሠራበትን ሰሌዳ እንዲፈልጉ ነው። ሌላው የሚያፈርሰው አዲስ ግዢ ነው፤ የተሰበረው ፒንሳ በሌላ ሲተካ መልኩ ከድሮው ቅርጽ ጋር አይገጥምም፣ ሰውም "እንዲያው ይሰቀል" ይላል፣ ከዚያ ሁሉም እንዲያው ይሰቀላል። ቅርጹ ከጅምሩ በቀጭን ኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ ተስሎ በሁለት ብሎን ቢያያዝ ያንን ቁራጭ ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል።

ወርክሾፕ ለሌላቸውም አንድ ቃል ልጨምር። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ገጠር የውሃ ፓምፕ ሊጠግን የሚወጣ ቴክኒሻን የቱቦ መፍቻውን ረስቶ ከሄደ ቀኑ ባከነ፤ መንደሩም ውሃ ሳያገኝ ያድራል። ለሣጥኑ ሁለት ቀለም ያለው፣ ውሃ የማይጠጣ ፎም ይፈልግ፤ የስፖርት ምንጣፍ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ከላይ ጥቁሩን በመሣሪያው ቅርጽ ቆርጦ ከሥሩ ቢጫውን ማጣበቅ ነው፤ የጎደለው ቦታ ቢጫ ሆኖ ይጮኻል። ጉድጓዱ የመሣሪያውን ግማሽ ውፍረት ያህል ይጥለቅ፤ ከጎኑ 25 ሚሊ ሜትር የጣት ማስገቢያ ይቆረጥ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ እርጥበት ይዞ ያቆይና መሣሪያውን በክረምት ያዝገዋል።

ሁሉንም ወርክሾፕ በአንድ ጊዜ መጀመር አልመክርም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳ ይመረጥ፤ ኃላፊነቱ የአንድ ሰው፣ ምትኩም የታወቀ ይሁን። ማጣራቱ በክረምት እረፍት ይለቅ፣ ቅቡ ከመስቀል በዓል በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲሆን ይሠራ። ኮሌጆች ደግሞ ሰሌዳውን ለውጭ አናጺ ባይሰጡት መልካም ነው፤ ኮምፔርሳቶውን የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ይቁረጡት፣ የአንጎላሬውን ፍሬምና የወንፊቱን በር የብየዳዎቹ ይሥሩት፣ ዘጠኙን የቁልፍ መስቀያዎች በግማሽ ሚሊ ሜትር ልክ አውጥቶ በካሊፐር ማስፈተሽ ለቶርኖ ሠልጣኞች የጥቅምት የመጀመሪያ ልምምድ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን